ሻምቦን፦ ስደተኛ የተማረባት የፈረንሳይ መንደር



ባለፈው ተርም በሰባተኛ ክፍል ስለ ቅርስ እያስተማርኩ ነበር። እንደተለመደው ተማሪዎቹ በየተራ አንድ አንድ ቅርስ እንዲጠሩልኝ ጠየቅኩ። አክሱም ተባለ፣ የጎንደር ግንብ ተባለ፣ አንድ የሱዳን ልጅ የመርዌን ፒራሚዶች ጠራ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን ተራዋ ሲደርስ ዝም አለች። ደግሜ ስጠይቃት፣ «ቲቸር፣ እኔ እዚሁ ካምፕ ነው የተወለድኩት። ቅርስ አገር ላለው ሰው ነው» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና የምመልሰው አጣሁ። ደግነቱ ደወል ተደወለ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ አግኝቻለሁ ብዬ አይደለም። ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤተ መጻሕፍታችን ከመጡት ካርቶኖች በአንዱ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አግኝቼ ነበር። ስለ አንዲት ትንሽ የፈረንሳይ መንደር የሚተርክ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች መንደር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። መንደሯ እንደ ፓሪስ ግንብ ወይም እንደ ነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ፎቶ የሚነሣበት ነገር የላትም። ሆኖም ሰዎች ቅርሷን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ቅርሷ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ላስረዳ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመንደሯ ሙሉ ስም ለ ሻምቦን-ሱር-ሊኞን ነው። «በሊኞን ወንዝ ላይ ያለችው ሻምቦን» ማለት ነው፤ እኛ ባጭሩ ሻምቦን እንበላት። የምትገኘው በደቡብ ማእከላዊ ፈረንሳይ፣ ኦት-ሏር በሚባለው አውራጃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አምባ ላይ ነው። በእኛ አገር ሂሳብ 1000 ሜትር ቆላ ነው፣ በረሃ ነው የምንለው። እዚያ ግን ደጋ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በረዶ ይከመራል፤ «ቡርል» የሚሉት የሰሜን ነፋስ በረዶውን እየጠረገ መንገዱን ይደፍነዋል። ቤቶቹ ከከባድ ድንጋይ የተሠሩ፣ መስኮታቸው ጠባብ፣ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ሕዝቡ ገበሬ ነበር፤ ድንች ይተክላል፣ ላም ያረባል፣ ከጫካው እንጉዳይ ይለቅማል። ዛሬም የነዋሪው ቁጥር ከሁለት ሺህ ተኩል ብዙ አይርቅም። አንድ የካምፕ ዞን ያህል በሉት።

ፈረንሳይ በአብዛኛው የካቶሊክ አገር ነች። የሻምቦን ሰዎች ግን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ በፈረንሳይ «ሁጉኖ» ይባሉ ነበር። በ1598 የወጣ አዋጅ በእምነታቸው እንዲኖሩ ፈቅዶላቸው ነበር። በ1685 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አዋጁን ሻረው። ከዚያ በኋላ ቸርቾቻቸው ፈረሱ፣ ፓስተሮቻቸው ተሰደዱ ወይም ተሰቀሉ፣ ወንዶች በመርከብ ቀዛፊነት በሰንሰለት ታሰሩ፣ ሴቶች ወኅኒ ወረዱ፣ ልጆች ከወላጅ ተነጥቀው በሌላ እምነት እንዲያድጉ ተደረገ። የቀሩት በጫካና በገደል ሥር ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ያንን ዘመን ራሳቸው «ምድረ በዳ» ብለው ይጠሩታል። መቶ ዓመት ቆየ፤ በሕግ መፈናፈኛ ያገኙት በ1787 ነው።

በዚያ ዘመን ከአምባው በስተ ምሥራቅ ካለው ከቪቫሬ አገር ማሪ ዱራን የምትባል ወጣት በ1730 ታሰረች። ወንድሟ ፓስተር ስለነበረ ነው። በደቡብ ባሕር አጠገብ ኤግ-ሞርት በሚባል ከተማ በአንድ የድንጋይ ግንብ ውስጥ 38 ዓመት ተቀምጣ በ1768 ተፈታች። እምነቴን ትቻለሁ የሚል ቃል ብቻ ብትሰጥ ኖሮ ያን ጊዜውኑ ትለቀቅ ነበር። በግንቡ ወለል መካከል ባለው ቀዳዳ ጠርዝ ድንጋይ ላይ አንድ የፈረንሳይኛ ቃል ተቀርጾ ይገኛል፤ ትርጉሙ «እንቢ ማለት፣ መጽናት» ነው። የቀረጸችው እሷ ናት እየተባለ ይነገራል። የአምባው ልጆች ይህን ታሪክ በየቤቱ ምድጃ ዙሪያ እየሰሙ ነው ያደጉት። የሸሸን ሰው የት እንደሚደብቁ፣ ባለሥልጣን ሲመጣ ምን እንደማይናገሩ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የመጣ ዕውቀት ነበራቸው።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ትዝታ ያለው ሁሉ በሩን አይከፍትም፤ እኛ ይህን በደንብ እናውቃለን። ሌላም ተግባራዊ ነገር ነበረ፤ እኔ እንዲያውም ከመጽሐፉ ሁሉ የገረመኝ ይኼ ነው። ከአምባው በስተ ሰሜን ሴንት-ኤትየን የምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች። የሠራተኞቹ ልጆች በጭሱና በጨለማው ቤት ይታመሙ ነበር። በ1893 ሉዊ ኮምት የሚባሉ የዚያች ከተማ ፓስተር እነዚህን ልጆች በበጋ ወደ አምባው ገበሬዎች ቤት እየላኩ ንጹሕ አየርና ወተት እንዲያገኙ የሚያደርግ ድርጅት አቋቋሙ። ገበሬዎቹም ለልጅ ማሳደሪያ ትንሽ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ቀስ በቀስ ትልልቆቹም ለዕረፍት መምጣት ጀመሩ፤ ትንሽ ባቡር ገባ፤ ሆቴልና ፓንሲዮን ተከፈተ። እንግዲህ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አምባው ለሃምሳ ዓመት ያህል የሰው ልጅ ሲያሳድር የኖረ አገር ነው። ትርፍ አልጋ አለ። እንግዳ ልጅ በመንደር ሲዞር ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሴቲቱ ለአንድ ተጨማሪ አፍ ሾርባ እንዴት እንደሚበዛ ታውቃለች። የእንግዳ ተቀባይነት ደግነት ብቻ አይደለም፤ ልምድም ፍራሽም ይጠይቃል።

ሦስተኛው ነገር ትምህርት ቤቱ ነው። በ1934 አንድሬ ትሮክሜ የሚባሉ ፓስተር ከኢጣሊያ ተወላጅ ባለቤታቸው ከማግዳ ጋር ወደ ሻምቦን መጡ። ትሮክሜ ጦርነትን በማንኛውም ምክንያት የማይቀበሉ ሰው ስለነበሩ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን አለቆች ዘንድ ብዙም አይወደዱም ነበር። የአምባው ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ሩቅ ከተማ መሄድ ነበረባቸው፤ ድሀው አይሄድም። ስለዚህ በ1938 ትሮክሜና ጓደኛቸው ፓስተር ኤዱዋር ቴይስ «ኤኮል ኑቬል ሴቬኖል» የሚባል ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አዲሱ የሴቬን ትምህርት ቤት ማለት ነው። ቴይስ ርእሰ መምህር ሆኑ፤ ማግዳ ኢጣሊያንኛ ያስተምሩ ጀመር። ወንድና ሴት ልጆች አብረው የሚማሩበት ነበር፤ ያን ጊዜ በፈረንሳይ ይህ የተለመደ አልነበረም። ሲጀምሩ 18 ተማሪ ነበራቸው። ሕንጻ አልነበራቸውም። ክፍሉ በቸርች ጎን ባለ ክፍል፣ በፓንሲዮን ሳሎን፣ ባገኙት ቦታ ነበር፤ ተማሪዎቹ በበረዶ ውስጥ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየሮጡ ፔሬድ ይቀይሩ ነበር። በድንኳንና በቆርቆሮ ሥር ለምናስተምር ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጦርነቱ ማብቂያ ተማሪው ከ300 በላይ ሆኖ ነበር።

እንዴት በዛ? አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

በሰኔ 1940 ፈረንሳይ በጀርመን ተሸነፈች። ሰሜኑን ጀርመን ያዘው፤ ደቡቡን ማርሻል ፔታን የሚመሩትና ቪሺ ከተማ የተቀመጠው መንግሥት ያስተዳድር ጀመር። ይህ መንግሥት ማንም ሳያስገድደው በዚያው ዓመት አይሁድን ከመምህርነትና ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣ ሕግ አወጣ። ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከሌላም አገር ሸሽተው ፈረንሳይ የገቡትን አይሁድ ደግሞ ካምፕ አስገባ። ጉርስና ሪቭሳልት የሚባሉት ካምፖች ዋነኞቹ ነበሩ። የእንጨት ባራክ፣ ጭቃ፣ ረኀብና በሽታ ነበር፤ ከሽቦው ውጭ መውጣት አይቻልም። እነዚህ ካምፖች በመጀመሪያ ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ሰዎችም ይታጎሩባቸው እንደነበር ልብ በሉ። ስደተኛ መሆንና ጠላት ተብሎ መመዝገብ አንድ የሆነበት ጊዜ ነበር።

በካምፖቹ ውስጥ የሚሠሩ የርዳታ ሰዎች ነበሩ፦ የአሜሪካ ኩዌከሮች፣ የስዊስ የሕፃናት ርዳታ፣ ሲማድ የሚባለው የፕሮቴስታንት ወጣቶች ድርጅት፣ ኦዜ የሚባለው የአይሁድ ሕፃናት ድርጅት። ልጆችን ከካምፕ በሕጋዊ መንገድ ማስወጣት አንዳንዴ ይቻል ነበር። ችግሩ፣ የወጡት ልጆች የት ይገባሉ? የሚቀበላቸው መንደር የለም። በ1940/41 ክረምት ትሮክሜ በርዳታ ሥራ ካምፕ ገብቼ ልሥራ ብለው ወደ ኩዌከሮቹ ሄዱ። ከኩዌከሮቹ አንዱ በርንስ ቻልመርስ ሌላ ሐሳብ ሰጧቸው፤ ካምፕ የሚገባ ሰው አናጣም፣ ያጣነው ልጆቹን የሚቀበል መንደር ነው፤ የእርስዎ መንደር ያ ቦታ ይሆናል ወይ? የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ትሮክሜ ተመልሰው የቸርቹን ሽማግሌዎች ጠየቁ፤ እሺ ተባለ።

በግንቦት 1941 ላ ጌስፒ የተባለው የመጀመሪያው የስዊስ የልጆች ቤት ተከፈተ። ከዚያ ሌሎች ቤቶች ተከተሉ፤ አንዱ በኩዌከሮች ገንዘብ፣ አንዱ በሲማድ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ወጣቶች። የስዊሶቹን ቤቶች ይመሩ የነበሩት አውጉስት ቦኒ የሚባሉ ገና ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው መምህር ነበሩ። በቤቶቹ ያልተያዘው ሰው በየገበሬው ቤት፣ በየፓንሲዮኑ ተበተነ። ልጆቹ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ሴቬኖል ገቡ፤ ለብቻቸው ሳይሆን ከገበሬው ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ። ከሥራቸው በሕግ የተባረሩ መምህራንም መጡና ማስተማር ጀመሩ። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመውም ስደተኛ፣ ከተቀመጡትም ግማሹ ስደተኛ ሊሆን ይችል ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሁሉም ሰው መልአክ ነበር እንዳትሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ የጀርመን አይሁዳዊት በበረዶ ወቅት የማግዳን ኩሽና በር አንኳኳች። ማግዳ አስገብተው፣ ጫማዋን ከምድጃ አጠገብ እንዲደርቅ አስቀምጠው፣ ወረቀት ሊያወጡላት ወደ መንደሩ ሹም ሄዱ። ሹሙ ተቆጡ። አንድ ባዕድ ብሎ መንደሩን ሁሉ ችግር ውስጥ ማስገባት ነው፣ ነገ ጠዋት ትሂድ አሉ። ማግዳ ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣንን ማስፈቀድ ተዉ። ይህ እኛም የምናውቀው ነገር ነው። አንዳንዱን ነገር አስፈቅደህ ከሄድክ አይሆንም።

ወረቀት ወሳኝ ነበር። ያለ መታወቂያ መንገድ አይኬድም፣ ያለ ራሽን ካርድ ዳቦ አይገኝም። ኦስካር ሮዞቭስኪ የሚባል፣ ከጀርመን የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ ሐኪም የመሆን ምኞቱ በሕጉ ምክንያት የተዘጋበት፣ በአንድ ገበሬ ቤት ተቀምጦ ፎርጅድ መታወቂያና ራሽን ካርድ በሺዎች ሠራ።  ከጦርነቱ በኋላ ሐኪም ሆነ።

ልጆቹ ራሳቸውም ዝም አላሉም። በሐምሌ 1942 አጋማሽ በፓሪስ ፖሊስ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 13,000 የሚጠጉ አይሁድ ሰበሰበ፤ ከእነሱም 4,000 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ወሬው አምባው ደረሰ። በነሐሴ 10 ቀን የቪሺ መንግሥት የወጣቶች ኃላፊ ላሚራን ሻምቦንን ሊጎበኙ መጡ። የሴቬኖል ትልልቅ ተማሪዎች ቀርበው ደብዳቤ ሰጧቸው። በፓሪስ የሆነውን ሰምተናል፤ በመካከላችን አይሁድ ጓደኞች አሉን፤ እኛ ልዩነት አናደርግም፤ ትእዛዝ ከመጣም እንዲያመልጡና እንዲደበቁ እንረዳቸዋለን የሚል ነበር ይዘቱ። መምህራን፣ አስቡት፤ ተማሪዎቻችሁ በሚኒስትር ፊት እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያነብቡ። እኔ ብሆን ኖሮ አስቆማቸው ነበር ብዬ እፈራለሁ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ፖሊሶች አውቶቡስ ይዘው መጡ። ስም ዝርዝር ስጡን ቢሉ ማንም አልሰጠም። ልጆቹ ማታውኑ ወደ ጫካና ወደ ሩቅ እርሻዎች ተበትነው ነበር። አውቶቡሶቹ ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተመለሱ።

በኅዳር 1942 ጀርመኖች ደቡቡንም ያዙ። የቆሰሉ የጀርመን ወታደሮች ሊያገግሙ ወደ ሻምቦን መጥተው በሆቴል ተቀመጡ፤ ከተደበቁት ልጆች ጋር በአንድ ጎዳና ይሄዱ ነበር። በየካቲት 1943 ትሮክሜ፣ ቴይስና የመንደሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሮዤ ዳርሲሳክ ተይዘው ካምፕ ገቡ፤ ከሳምንታት በኋላ ተለቀቁ። ሁለቱ ፓስተሮች በኋላ ለመደበቅ ተገደዱ።

ከሁሉ የከፋው ቀን ሰኔ 29 ቀን 1943 ነበር። ጌስታፖ ጠዋት «ሜዞን ዴ ሮሽ» የሚባለውን የትልልቅ ተማሪዎች ቤት ከበበ። 18 ወጣቶች ተያዙ። የቤቱ ኃላፊ ዳንኤል ትሮክሜ፣ የፓስተሩ ዘመድ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ መምህር ነበር። በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ከሚመራው ከሌላው የልጆች ቤት ነበር። ማምለጥ ይችል ነበር። ተማሪዎቼን ጥዬ አልሄድም ብሎ መጣ። ሲመረምሩት ለአይሁድ ለምን ትሞግታለህ ቢሉት የተጨቆነን መርዳት ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጠም። ከካምፕ ካምፕ እየተዘዋወረ በሚያዝያ 1944 ፖላንድ ውስጥ ማይዳኔክ በሚባለው የሞት ካምፕ ሞተ። የመንደሩ ሐኪም ሮዤ ለ ፎረስቲዬም በነሐሴ 1944፣ ነጻነት ሊመጣ ቀናት ሲቀሩት፣ ሊዮን አጠገብ ተረሽኗል።

ስለተረፉት ደግሞ የአንዱን ላውራ፤ በተለይ የሒሳብ አስተማሪዎች ብታውቁት ደስ ይለኛል። አሌክሳንደር ግሮተንዲክ በ1928 በርሊን ተወለደ። በ1939 ወደ ፈረንሳይ ወደ እናቱ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከእናቱ ጋር ሪዩክሮ የሚባል የሴቶች ካምፕ ገባ። ከዚያ ካምፕ በበረዶና በነፋስ፣ ውሃ በሚያስገባ ጫማ፣ አራት አምስት ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ማንድ ከተማ ይማር ነበር። በካምፑ ውስጥ ማሪያ የምትባል እስረኛ በነጻ ታስጠናው ነበር። የክብን ትርጉም ያስተማረችው እሷ ናት፤ ከአንድ ማእከል እኩል ርቀት ላይ ያሉ ነጥቦች ሁሉ። ትርጉሙ እንዴት ቀላልና ግልጽ እንደሆነ ሲገባው እንዴት እንደተገረመ በስተርጅና በጻፈው ማስታወሻ ላይ አንሥቶታል። (ኮምፓስ የለንም እያልን የምናማርር መምህራን፣ ጠመኔ በክር አስረን በሰሌዳ ላይ የምናዞረው ነገር ይኸው ነው።) አባቱ በ1942 ወደ አውሽዊትዝ ተልከው ተገደሉ። ልጁ ወደ ሻምቦን መጣና ላ ጌስፒ ገባ፤ ሴቬኖል ተማረ። ፖሊስ ሲመጣ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ይገባ ነበር። በ1945 የሁለተኛ ደረጃ ፈተናውን አልፎ ወጣ። በ1966 በሒሳብ ትልቁ ሽልማት የሆነውን የፊልድስ ሜዳሊያ ተሸለመ። ያን ጊዜም ቢሆን አገር አልባ ነበር፤ የፈረንሳይ ዜግነት ያገኘው በ1971 ነው። በ2014 ዐረፈ።

ስንት ሰው ተረፈ? ብዙ ጊዜ 5,000 ይባላል፤ ከዚያ ያነሰ ቁጥር የሚሰጡ የታሪክ ሰዎችም አሉ። መዝገብ አልተያዘም፤ መያዝም ሞኝነት በሆነ ነበር። በቁጥሩ ላይ ብቻ አይደለም ክርክሩ። ስሙ ሁሉ ለሻምቦንና ለትሮክሜ ሲሄድ በአምባው ያሉ ሌሎች መንደሮች፣ ካቶሊኮቹም፣ እኛስ? አሉ። እውነት አላቸው። በ1990 ኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼም ክብሩን ሲሰጥ ለሻምቦንና ለአጎራባች መንደሮች ነዋሪዎች በሙሉ ብሎ የሰጠው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ክብሩ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው።

አሁን ወደ ቅርስ ጉዳይ ልመለስ። ከጦርነቱ በኋላ የመንደሩ ሰዎች ስለዚህ ነገር ብዙም አያወሩም ነበር። ገበሬዎቹ የሚነገር ነገር ያደረጉ አይመስላቸውም። መጀመሪያ ድንጋይ ያቆሙት እንግዶቹ ናቸው። በ1979 እዚያ ተደብቀው የነበሩ አይሁድ፣ ያኔ ጎልማሶች ሆነው፣ ተሰብስበው መጥተው ከቸርቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የምስጋና ሰሌዳ አስቀመጡ። በ2013 ደግሞ እዚያው አቅራቢያ የመታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ሰው ዛሬ የሚያየው ይህን ሰሌዳ፣ ሙዚየሙን፣ ፎቶግራፎቹን፣ ፎርጅድ መታወቂያዎቹን ነው። ወርቅ የለ፣ ዘውድ የለ። ይህን ነው ለተማሪዬ መንገር የምፈልገው፦ የዚያች መንደር ትልቁ ቅርስ የተሠራው እዚያ ባልተወለዱ፣ ወረቀት በሌላቸው፣ ነገ የት እንደሚሆኑ በማያውቁ ልጆችም ጭምር ነው። ያለ እነሱ ሙዚየሙ ምን ያሳይ ነበር?

ትምህርት ቤቱ፣ ኮሌዥ ሴቬኖል ተብሎ፣ ብዙ ዓመት ከሠራ በኋላ በ2014 ተዘጋ። ያሳዝናል። መንደሯ ግን ልማዷን አልተወችም፤ ከጊዜ በኋላ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማእከል ተከፍቶባት ከተለያዩ አገሮች የመጡ ቤተሰቦችን ተቀብላለች። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ኤሪክ ሽዋም የሚባሉ ሰው በ90 ዓመታቸው ሞቱ። በቪየና የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር በሪቭሳልት ካምፕ አልፈው በ1943 ሻምቦን የገቡና እዚያ የተማሩ ናቸው። ኑዛዜያቸው ሲከፈት ሀብታቸውን ለመንደሯ ትተዋል፤ 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መሆኑ በጋዜጦች ተዘገበ። ገንዘቡ ለወጣቶች ትምህርት እንዲውል ነበር ፍላጎታቸው። የመንደሩ ሰዎች ብዙዎቹ ማን እንደሆኑ እንኳ አያስታውሷቸውም ነበር።

ለሚቀጥለው እትም ከተማሪዎች ጽሑፍ እንፈልጋለን። ቤት ውስጥ ያሉትን ታላላቆች ጠይቁ፦ ወደዚህ ስንመጣ በመንገድ ማን አሳደረን? የማን ቤት ውሃ ጠጣን? ስሙን ከረሱት የሰፈሩን ስም፣ እሱንም ከረሱት የቤቱን መልክ ጻፉ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ እኛ እናስተረጉማለን። ከላይ ያነሣኋት ልጅ የራሷን አምጥታልኛለች። አያቷ ስለነገሯት ስለ አንዲት ሴት ነው፤ ድንበር አጠገብ ሦስት ሌሊት በፍየሎቿ በረት አሳድራቸው፣ ስትሸኛቸው አንዷን ጀሪካን የሰጠቻቸው። ጀሪካኑ እስካሁን ቤታቸው አለ፤ ውሃ ይቀዱበታል።